ጃቫ ኢኢን ጥለን ወደ ስፕሪንግ ቡት እንዙር ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በአንድ ድርጅት በፕሮግራመርነት ከተቀጠርኩ 8 ወር ሆነኝ። የተረከብኩት ሲስተም በጃቫ ኢኢ 7 የተሠራ ነው። የሚሮጠው ዋይልድፍላይ 10 ላይ ሲሆን ጃቫው 8 ነው። ክፍያው፣ ደረሰኙ፣ ሪፖርቱ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አዲሱ አለቃችን ‹ጃቫ ኢኢ ሞቷል፣ ሁሉንም በስፕሪንግ ቡት እንደ አዲስ እንጻፈው› ብሎ ተነስቷል። የቆዩት ልጆች ደግሞ ‹የሚሠራ ነገር አይነካም› ይላሉ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ጃቫ ኢኢ ምን እንደሆነ ራሱ በደንብ አልገባኝም፤ ላወርደው ፈልጌ ከየት እንደሚወርድ እንኳ አጣሁ። ማን ነው ትክክል? እኔስ የትኛውን ልማር?»

ስፕሪንግ ቡት በጃቫ ትልልቅ ሲስተሞች ለመሥራት ብዙ ሰው የሚመርጠው መሣሪያ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ከማውረዱ ልጀምር። ፈልገህ ያጣኸው የሚወርድ ነገር ስላልሆነ ነው። ይህ ሳይገባን የአለቃህና የቆዩት ልጆች ክርክር አይፈታም።

ጃቫ ኢኢ ሶፍትዌር አይደለም፤ ውል ነው። በአንድ በኩል ፕሮግራሙን የምትጽፈው አንተ አለህ። በሌላ በኩል ሰርቨር የሚሠሩት ድርጅቶች አሉ። ውሉ «ኮድህን በዚህ መልክ ከጻፍክ ሰርቨሩ ይህን ይህን ይሠራልሃል» ይላል። ውሉ የተጻፈባቸው ሰነዶች ስፔሲፊኬሽን ይባላሉ። ስለ ሰርቭሌት (የዌብ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ስለሚሰጠው ክላስ) አንድ ሰነድ አለ፣ ስለ ዳታቤዝ አንድ አለ፣ ስለ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ ስለሚፈጸም፣ ወይ ጭራሽ እንዳልነበረ ስለሚሆን ሥራ) አንድ አለ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጃቫ ኢኢ 7 ማለት የእነዚህ ሰነዶች እቅፍ ነው፣ እያንዳንዱ ከነቨርዥን ቁጥሩ።

ሰነድ ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። ማንም ተነስቶ «እኔም ውሉን አከብራለሁ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሰነዱ ጋር የፈተና ስብስብ አለ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲሲኬ ይሉታል። አንድ ሰርቨር ያንን በሺዎች የሚቆጠር ፈተና ካላለፈ ስሙን መጠቀም አይችልም። ዋይልድፍላይ፣ ግላስፊሽ፣ ፓያራ፣ ኦፕን ሊበርቲ፣ ዌብሎጂክ የምትላቸው ሁሉ የዚያው ውል የተለያዩ ፈጻሚዎች ናቸው። አንተ ያወረድከው፣ ወይም የወረደ ያገኘኸው፣ ከእነሱ አንዱን ነው።

አሁን የተረከብከውን ኮድ ክፈተው። ሜይን የሚባለውን ሜተድ ፈልገህ ይሆናል። የለም አይደል? መጀመሪያ ቀን ይህን ያልፈለገና ግራ ያልገባው ሰው አላውቅም። የሌለው ፕሮግራምህን የሚያስነሳው ሰርቨሩ ስለሆነ ነው። አንተ ክላሶች ጽፈህ ታስረክባለህ፤ መቼ እንደሚፈጠሩ፣ በየትኛው ትሬድ እንደሚጠሩ፣ መቼ እንደሚጣሉ ኮንቴይነሩ ይወስናል። ኮንቴይነር ስል ፕሮግራምን ከነአካባቢው የሚያሽገውን ዶከርን ማለቴ አይደለም፤ ክላሶችህን የሚያስተዳድረውን የሰርቨሩን ክፍል ነው። ቃሉ እዚህ ሰፈር ከዶከር በፊት ነበር።

ትልቅ የንግድ ሲስተም ላይ ከባዱ ሥራ ስሌቱ አይደለም። 400 ሰው በአንዴ ሲገባ ለሁሉም የዳታቤዝ ኮኔክሽን ማዳረስ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል መጠበቅ፣ ሥራው መሀል ላይ ሲቋረጥ ግማሽ የተጻፈውን መመለስ ነው ከባዱ። ይህ ደግሞ ለባንክም ለሆስፒታልም ለመጋዘንም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ይሠራና ሁሉም ይጠቀምበት፤ የጠቅላላው ነገር ሐሳብ ይህ ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ትራንዛክሽንን። ኮድህ ውስጥ «ገንዘብ አስተላልፍ» የሚመስል ሜተድ አይጠፋም። ከአንዱ ሂሳብ ይቀንሳል፣ ወደ ሌላው ይጨምራል። በላዩ ላይ ትራንዛክሽናል የምትል አኖቴሽን (ኮዱ ላይ የምትለጠፍ ምልክት) ተለጥፋለች፤ ወይም ክላሱ ስቴትለስ ኢጄቢ (ኮንቴይነሩ የሚያስተዳድረው የቢዝነስ ክላስ ዓይነት) ነው፣ ያኔ አኖቴሽኗም አታስፈልግም። ጀምር የሚል መስመር የለም። ኮሚት አድርግ፣ ማለትም የተሠራውን አጽና፣ የሚል መስመርም የለም። ታዲያ ማን ነው የሚጀምረው?

ሌላ ክላስ ይህን ሜተድ ሲጠራ፣ የሚጠራው ያንተን ክላስ በቀጥታ አይደለም። ኮንቴይነሩ ፊት ለፊት አንድ ወኪል አቁሟል፣ ፕሮክሲ የሚባለውን። ጥሪው መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል። እሱ ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ ከዚያ ያንተን ሜተድ ይጠራል። በሰላም ከተመለስክ ኮሚት ያደርጋል፣ ኤክሴፕሽን ከወረወርክ ሮልባክ ያደርጋል፣ ማለትም የተጻፈውን ይመልሳል። ደስ ይላል። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ አንብቦ ያቆማል፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ኮንቴይነሩ በራሱ ሮልባክ የሚያደርገው የተወረወረው ኤክሴፕሽን ከራንታይም ወገን ሲሆን ነው። አንተ «የታገደ ሂሳብ» የሚል የራስህን ቼክድ ኤክሴፕሽን (ኮምፓይለሩ እንድትይዘው ወይም እንድታሳውቀው የሚያስገድድህን) ጽፈህ ከሆነ፣ እሱን እንደ ውድቀት አይቆጥረውም። «ይህ የቢዝነሱ የራሱ መልስ ነው» ብሎ ኮሚት ያደርጋል። ቅደም ተከተሉን አስበው። ከላኪው 5000 ተቀነሰ። ተቀባዩ ሲታይ ታግዷል። ኤክሴፕሽን ተወረወረ። ተጠቃሚው «አልተሳካም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አየ። ዳታቤዙ ላይ ግን 5000ው ተቀንሷል፣ ኮሚትም ሆኗል። እኔ በአንድ ወቅት የሠራሁበት ድርጅት ውስጥ ይህንኑ ስህተት ሦስት ሳምንት ፈልገናል። ሎጉ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ ምክንያቱም በውሉ መሠረት ስህተት አልተፈጠረም። የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ አኖቴሽኗ ላይ ለየትኛው ኤክሴፕሽን ሮልባክ እንደሚደረግ ትጽፋለህ። በኢጄቢ ከሆነ ደግሞ የኤክሴፕሽኑ ክላስ ላይ ምልክት ታደርጋለህ። አለቃህ የሚወደው ስፕሪንግም በነባሪው የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሰው ወደዚያ ሲሸሽ ይህን ስህተት ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከወኪሉ ጋር ይያያዛል። አንድ ሜተድ በዚያው ክላስ ውስጥ ያለ ሌላ ሜተድን በቀጥታ ቢጠራ፣ ጥሪው በወኪሉ በኩል አያልፍም። ስለዚህ የተጠሪው አኖቴሽን እንደሌለ ይቆጠራል። «አዲስ ትራንዛክሽን ክፈት» ብለህ ብትለጥፍበትም የሚሰማህ የለም። ኢጄቢም ላይ፣ ነባሪው ስፕሪንግም ላይ እንዲሁ ነው። ኮድህን ስታነብ ይህችን ፈልጋት፤ አንድ ሁለት ቦታ አታጣትም።

አሁን ወደ «ሞቷል» ልምጣ። ወሬው ከየት እንደመጣ ካላወቅህ አለቃህን ማስረዳት አትችልም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰን ማይክሮሲስተምስ የመጀመሪያውን ጄ2ኢኢ ያወጣው በታኅሣሥ 1999 ነው። ያኔ ኩባንያ ሁሉ የየራሱን ሰርቨር በየራሱ መንገድ ይሠራ ነበርና፣ አንድ የጋራ ውል መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር። አጻጻፉ ግን መከራ ነበር። በዘመኑ ኢጄቢ አንዲት ቀላል ሥራ ለመሥራት አንድ ክላስ፣ ሁለት ኢንተርፌስ እና አንድ ረጅም የኤክስኤምኤል ፋይል ያስፈልግህ ነበር። ክላሱ ውስጥ ደግሞ ምንም የማይሠሩ ባዶ ሜተዶች መጻፍ ግዴታ ነበር፤ ውሉ ስለሚያዝ ብቻ። አንዲት ፊልድ ለመጨመር አራት ፋይል መክፈት ማለት ነው። ከሰርቨሩ ውጭ ቴስት ማድረግማ አይታሰብም። ሰው ተማረረ። ሮድ ጆንሰን የተባለ ፕሮግራመር ያንን ምሬት ወደ ኮድ ለወጠውና ስፕሪንግ 1.0 በ2004 ወጣ። ዳታቤዙ ላይም ክላሶችን ከዳታቤዝ ሠንጠረዦች ጋር የሚያገናኘው ሃይበርኔት ቀድሞ ተነስቶ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ያበቃል። ነገሩ ግን ቀጥሏል። በ2006 የወጣው ጃቫ ኢኢ 5 ኤክስኤምኤሉን በአኖቴሽን ተካው፤ ባዶዎቹ ሜተዶችም ቀሩ። ከሃይበርኔት የተገኘው ልምድ ጄፒኤ የሚባል የዳታቤዝ ሰነድ ሆኖ ውሉ ውስጥ ገባ። በ2009 ጃቫ ኢኢ 6 ሲዲአይን አመጣ፣ አንድ ክላስ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ክላሶች ኮንቴይነሩ እንዲያቀርብለት የሚያደርገውን፤ ቀለል ያለ ሰርቨር ለሚፈልግም ዌብ ፕሮፋይል የሚባለውን አነስተኛ እቅፍ አወጣ። አንተ የተረከብከው 7ኛው የመጣው በ2013 ነው። ስለዚህ አለቃህ ምናልባት የሚጠላው የ2003ቱን ጃቫ ኢኢ ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ግን እሱ አይደለም።

የሞት ወሬው ሁለተኛ ምንጭ ስሙ ነው። ኦራክል ሰንን በ2010 ገዛ። በ2017 ጃቫ ኢኢ 8ን ባወጣበት ሰሞን ሥራውን በሙሉ ክፍት ኮድ ፕሮጀክቶችን ለሚያስተዳድረው ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን እንደሚያስረክብ አስታወቀ። ኮዱን ሰጠ፣ ፈተናዎቹን ሰጠ፣ «ጃቫ» የሚለውን የንግድ ስም ግን አልሰጠም። ስለዚህ በ2018 አዲስ ስም ወጣለት፤ ጃካርታ ኢኢ። በጃቫ ኢኢ ስም አዲስ ነገር ፈልገህ ስታጣ ሞተ ልትል ትችላለህ። ስሙን ነው የቀየረው። ጃካርታ ኢኢ 8 በ2019፣ 9 በ2020፣ 10 በ2022፣ 11 በ2025 ወጥቷል።

ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ በጄ ነበር። ጣጣው ፓኬጆቹ ላይ ነው። የድሮዎቹ ክላሶች ሁሉ የሚጀምሩት «ጃቫክስ» በሚል ፓኬጅ ነው። በ2019 ኦራክልና ኤክሊፕስ በዚህ ስም አጠቃቀም መስማማት አቃታቸው። ውጤቱ ይህ ሆነ፦ በጃቫክስ ስር ያለው እንዳለ ይቆያል፣ መለወጥ ግን አይቻልም። መለወጥ የፈለገ ፓኬጁን «ጃካርታ» ብሎ ይቀይር። ጃካርታ ኢኢ 9 ከሞላ ጎደል ይህን ለውጥ ብቻ ይዞ ወጣ። ለተጠቃሚው አዲስ ነገር የለም፤ ኢምፖርቱ ሁሉ ግን ተቀየረ። ጠበቆች የጻፉት ሪሊዝ እለዋለሁ።

«ታዲያ ፈልጎ መተካት አይደል?» ትል ይሆናል። እኔም ብያለሁ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፕሮጀክቱን በሙሉ ጃቫክስን በጃካርታ ተካሁ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ300 በላይ ስህተት መጣ። ጃቫክስ የሚለው ስም ሁሉ የኢኢው አይደለም። ጃቫክስ ኤስኪውኤል፣ ጃቫክስ ኔሚንግ፣ ጃቫክስ ክሪፕቶ የጃቫው የራሱ ናቸው፤ አይነኩም። አስቸጋሪው ደግሞ የተቀላቀለው ነው፦ ጃቫክስ ትራንዛክሽን ይቀየራል፣ በውስጡ ያለው ኤክስኤ የተባለው ንዑስ ፓኬጅ ግን አይቀየርም። ጃቫክስ ኤክስኤምኤል ባይንድ ይቀየራል፣ ጃቫክስ ኤክስኤምኤል ፓርሰርስ አይቀየርም።

እነዚህ እንኳ ደግ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ይጮህልሃል። ክፉዎቹ የማይጮሁት ናቸው። የስህተት ገጻችን የስህተቱን ቁጥር የሚያነበው ከሪኩዌስቱ ላይ በስትሪንግ ስም ነበር። ስሙ ድሮ በጃቫክስ ሰርቭሌት ይጀምራል፤ አሁን በጃካርታ ሰርቭሌት ነው። ያቺ ስትሪንግ ለሁለት ተቆራርጣ ተጽፋ ስለነበር ፍለጋው ስቷታል። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ፣ ተነሳ፣ ሠራ። ሎጉ ላይ ግን በእያንዳንዱ ስህተት ቦታ «ነል» (ባዶ) እያለ ይጽፍ ነበር። ሌላው የባሰ ነው። ሜታ-ኢንፍ በሚለው ፎልደር ስር ስማቸው ራሱ የኢንተርፌስ ሙሉ ስም የሆኑ ፋይሎች አሉ። ፈልጎ መተካት የፋይልን ውስጥ ያያል እንጂ ስሙን አያይም። ሲዲአይ ላይ የጨመርነው ማስፋፊያ በዚህ ምክንያት ዝም ብሎ ሳይነሳ ቀረ። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። የሆነ ነገር መሥራት ያለበት አይሠራም፣ በቃ። ስለዚህ በእጅህ አትሞክረው። ኦፕንሪራይት የሚባል መሣሪያ አለ፤ የትኛው ፓኬጅ እንደሚቀየርና የትኛው እንደማይቀየር ያውቃል። እሱ ከጨረሰ በኋላ ስትሪንጎቹንና የፋይል ስሞቹን አንተ በዓይንህ እያቸው።

ወደ ስፕሪንግ ቡት ልመለስ። በመጀመሪያ፣ ጎበዝ ነገር ነው። ስትጀምረው ብዙው ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፣ ሰነዱ ጥሩ ነው፣ የሚያውቀው ሰው በየቦታው አለ። አዲስ ሥራ ከባዶ የምትጀምሩ ቢሆን ኖሮ ከአለቃህ ጋር አልከራከርም ነበር። ግን ስፕሪንግ ቡት 3ን ክፈትና ኢምፖርቶቹን ተመልከት። ጃካርታ ፐርሲስተንስ። ጃካርታ ቫሊዴሽን። ጃካርታ ሰርቭሌት። የስፕሪንግ ቡት 3 መሠረት የሆነው ስፕሪንግ 6 በኅዳር 2022 ሲወጣ እሱም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተሻግሯል፤ ሥሩ እዚያው ውል ላይ ስለሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። የዳታቤዝ ክላሶቻችሁ፣ የቫሊዴሽን ሕጎቻችሁ ስፕሪንግ ላይም ብዙም ሳይነኩ ይሄዳሉ። የሚጻፈው እንደ አዲስ በመሀል ያለው ማጣበቂያ ነው። ከጃቫክስ የመሻገሩ ሥራ ደግሞ በሁለቱም መንገድ አይቀርላችሁም።

ለቆዩት ልጆችም መናገር ያለብኝ አለ። «አይነካም» የሚለው አያዋጣም። ዋይልድፍላይ 10 የወጣው በ2016 ነው። በነፃ የሚለቀቅ ሰርቨር ነውና አዲሱ ሲወጣ አሮጌውን የሚጠግንለት የለም። ዛሬ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት መድፈኛው የሚመጣው ለአዲሱ ነው። ክፍያ የሚያልፍበት ሲስተም እንደዚህ መቀመጥ የለበትም።

ደግሞም «ስታንዳርድ ስለሆነ ነገ ወደ ፈለግነው ሰርቨር እንወስደዋለን» የሚሉህ ከሆነ ግማሹን ብቻ እመን። ኮዱ ይሄዳል። የማይሄደው ዙሪያው ነው፦ የዳታ ሶርሱ አቀማመጥ፣ የክላስተሩ ቅንብር፣ የጄኤንዲአይ ስሞች (ኮዱ የሰርቨሩን ነገሮች የሚፈልግባቸው)፣ የትኛው ላይብረሪ ቀድሞ እንደሚጫን። እነዚህን ውሉ ለየሰርቨሩ ትቷቸዋል። እኔ እስካሁን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሳይለፋ የተሻገረ ሲስተም አላየሁም። በኔ እይታ የስታንዳርዱ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በ2013 የተጻፈ ኮድ፣ ባለቤቱ ኩባንያ እጁን ካነሳ በኋላ እንኳ፣ ዛሬም የሚያስነሳው ሰርቨር አላጣም። የሚወስደውም መንገድ ተጽፎ ይገኛል። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነ ፍሬምወርክ ላይ ተሠርተው፣ ኩባንያው ሲተወው ሜዳ ላይ የቀሩ ሲስተሞችን ስላየሁ ይህን አልንቀውም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከ10 በቀጥታ ወደ መጨረሻው አልዘልም። መጀመሪያ ወደ ዋይልድፍላይ 26 እሄዳለሁ። እሱ ጃቫክስን የሚያውቅ የመጨረሻው ነው፣ ጃቫ 8ንም ይቀበላል። ስለዚህ ሰርቨሩን ብቻ ቀይረህ ኮዱን ሳትነካ ማየት ትችላለህ። እዚያ ላይ ሲረጋጋ ጃቫውን ወደ 17 አነሳለሁ። እዚህ ጋ ልብ በል፦ ከጃቫ 11 ጀምሮ ጃክስቢ (የጃቫ ክላስን ወደ ኤክስኤምኤል፣ ኤክስኤምኤልንም ወደ ክላስ የሚቀይረው) ከጃቫው ውስጥ ወጥቷል። ሰርቨሩ የራሱን ይዞ ስለሚመጣ ሲስተማችሁ ላይሰማው ይችላል። ከሰርቨሩ ውጭ ሌሊት የሚሮጥ፣ ጃክስቢን የሚጠቀም የሪፖርት ፕሮግራም ካላችሁ ግን እሱ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ 27 ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም ወደ ጃካርታ ኢኢ 10 የምሻገረው። ገጾቻችሁ በጄኤስኤፍ (የኢኢው የዌብ ገጽ መሥሪያ) የተሠሩ ከሆኑ፣ ማኔጅድ ቢን የምትለዋ የድሮ አኖቴሽን እዚያ ቀርታለች፤ በሲዲአይዋ ኔምድ ትተካለች። ስኮፖቹንም (አንድ ቢን ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስኑትን) አብረህ አስተካክል፤ ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ ፓኬጃቸው የተለያየ ስለሆነ ኢምፖርቱን ሳታይ አትለፍ። ሦስቱን እርምጃ ለየብቻ ወደ ፕሮዳክሽን አውጣቸው። አንድ ላይ ካወጣኸውና አንድ ነገር ከተበላሸ፣ የትኛው እንዳበላሸው አታውቅም።

ይህን ሁሉ ስትሠራ ፖም ፋይሉ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀማቸው ላይብረሪዎች የሚዘረዘሩበት) ላይ የኢኢው ዲፔንደንሲ ስኮፕ «ፕሮቫይድድ» መሆኑን አረጋግጥ። ካልሆነ ላይብረሪው ለሰርቨሩ የምታስረክበው ጥቅል፣ ዋር ፋይሉ፣ ውስጥ ይገባና ሰርቨሩ ከያዘው ጋር ይጋጫል። «ክላሱ ራሱን መሆን አይችልም» የሚል ዓይነት እንግዳ ስህተት ካየህ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ምን ልማር ላልከው፦ ጄፒኤን፣ ትራንዛክሽንን፣ ሰርቭሌትን በዚህ ቅደም ተከተል። ሰነዶቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ደረቅ ናቸው፣ ግን የትራንዛክሽኑን ምዕራፍ አንድ ጊዜ ብታነበው ብዙ ሌሊት ታተርፋለህ። ሦስቱን ካወቅህ ስፕሪንግን በጥቂት ሳምንት ትይዘዋለህ። ከስፕሪንግ ከጀመርክ ግን ከስሩ ያለውን ሳታይ ዓመታት ልትቆይ ትችላለህ፤ እንደዚህ ያሉ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት አንድ ከሰዓት ስጠው። በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚቀየሩት የጃቫክስ ኢምፖርቶች ስንት እንደሆኑ፣ በዋይልድፍላይ ብቻ የሚሠሩ ክላሶች ስንት ቦታ እንደተጠሩ፣ ቴስት ያላቸው ሜተዶች ስንት እንደሆኑ ቁጠር። ሦስቱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። ሦስተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ፣ ከማናቸውም ምርጫ በፊት ክፍያው ላይ ቴስት መጻፍ እንጀምር በል።